ስድስቱ አረንጓዴ ረድፎች

ሐምሌ 6 ቀን 2017፣ ገዳሪፍ

ፖርት ሱዳን ካለው ዋና መሥሪያ ቤታችን መመሪያ ደረሰ። ቀኖቹን ወደ ራሴ አቆጣጠር መልሼ እዚህ አሰፍራቸዋለሁ። በገዳሪፍና በየካምፑ ያሉት ስልሳ አራት የምዝገባ ታብሌቶች እስከ ነሐሴ 25 ድረስ በአዲሱ እትም መዘመን አለባቸው። ከነሐሴ 26 ጀምሮ ያልዘመነ ታብሌት የስደተኞችን ስም ወደ ማዕከል መላክ አይችልም። ከጳጉሜን 1 ጀምሮ ደግሞ ያልዘመነ ታብሌት ከማዕከሉ ጋር በተገናኘ ቅጽበት በውስጡ ያለውን ሁሉ ራሱ ይደመስሳል። ምክንያቱ የመረጃ ጥበቃ ነው፤ በጦርነቱ የጠፉት መሣሪያዎች ማን እጅ እንደ ገቡ አይታወቅም። ምክንያቱን አልነቅፍም። የመጨረሻውን አንቀጽ ግን ሁለት ጊዜ አንብቤ በቀይ አሰመርሁበት።

ሥራው የእኔ ነው። በመቆጣጠሪያው ገጽ ላይ እያንዳንዱ ታብሌት አንድ ረድፍ አለው፤ ረድፉም ከአራት ቀለሞች አንዱን ይይዛል። አረንጓዴ፦ የተጠየቀውን አሟልቷል። ቢጫ፦ ማዘመኛው ደርሶታል፣ ገና አልጨረሰም። ቀይ፦ አላሟላም። ግራጫ፦ አይታወቅም። ሰው ሁሉ የሚፈራው ቀዩን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አረንጓዴው ነው። አረንጓዴ ማለት ታብሌቱ ዛሬ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠየቅ ደኅና ነኝ ብሎ ነበር ማለት ነው። የተጠየቀው ከወር በፊት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ራሱ ተለውጦም ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ለሥራ አስኪያጃችን ለኢሀብ በዝርዝር አስረዳሁት። ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ስንት አረንጓዴ አለን?» አለኝ።

ሐምሌ 9

ለካምፕ መዝጋቢዎች የአንድ ገጽ መምሪያ በዐረብኛ፣ በአማርኛና በትግርኛ አዘጋጀሁ። ትግርኛውን ሌላ ሰው አርሞልኛል። የሚያስቸግረው የአረንጓዴው ስያሜ ነበር። «ያሟላ» አልሁ፤ ያሟላው ምኑን እንደ ሆነ አይናገርም። «የተስተካከለ» አልሁ፤ ተሰብሮ የተጠገነ ያስመስለዋል። ኢሀብ ከኋላዬ ቆሞ ሲያነብ ቆየና እስክሪብቶዬን ወስዶ ሁሉንም ሰረዘ፤ በምትካቸው «ታማም» ብሎ ጻፈ።

በዚህ አገር ይህን ቃል የማያውቅ የለም። ሐበሻውም፣ ዐረቡም ይለዋል። ሙሉ ነው፣ ደኅና ነኝ፣ ገባኝ፣ ይሁን፤ ሁሉንም ይሆናል። ሁሉም የሚያውቀው ቃል መሆኑ ጥሩ ምክንያት መስሎ ታየኝ። መምሪያው በፕላስቲክ ተለብጦ ለየካምፑ ተላከ። ከግርጌው ያለው የእኔ ስም ነው።

ሐምሌ 12

ስጋቴ ስድስት ታብሌቶች ናቸው። ያሉት በሩቁ ካምፕ ነው። የዚያ አካባቢ የስልክ ማማ ነዳጅ አጥቶ ከሰኔ 28 ጀምሮ ቆሟል። ሸበካ፣ የስልኩ ኔትወርክ፣ የሚገኘው ከካምፑ ሁለት ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ ኮረብታ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ማዘመኛውን በሚሞሪ ካርድ ጭኜ ለሾፌራችን ለጀማሉ ሰጠሁት። ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ሊያደርስልኝ ቃል ገባ።

ካርዱን የምትረከበው ርግኣት ናት። በትግራይ ሳለች የሒሳብ መምህርት ነበረች፤ አሁን የካምፑ መዝጋቢ ናት። ከሌሎች ከተሞች ጦርነቱ ገፍቶ ያመጣቸውን ቤተሰቦች ስም በእነዚያ ታብሌቶች የምትይዘው እሷ ናት። ስሙ ያልተላለፈ ቤተሰብ የራሽን ካርድ አያገኝም። እኔ «መምህርት» እላታለሁ፤ እሷ «ባሽሙሃንዲስ» ትለኛለች፤ ኢንጂነር ማለቷ ነው። በአካል የተገናኘነው ሁለት ጊዜ ነው።

ሐምሌ 15

ጀማሉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ተመለሰ። ካርዱን አድርሷል። መንገዱ ከኋላው ተዘግቷል።

ሐምሌ 27

አምሳ አንዱ ዘምነዋል። ሰባቱ ቢጫ ናቸው፤ ከተማ ውስጥ ስላሉ ይደርሳሉ። ስድስቱ የርግኣት ታብሌቶች አረንጓዴ ናቸው። ይህ አረንጓዴ የሰኔ 28 አረንጓዴ ነው። ያኔ አዲሱ እትም ገና አልተጠየቀም ነበር።

ደንቡ ሠላሳ ቀን ድምፁ ያልተሰማን ታብሌት ወደ ግራጫ ይለውጠዋል። ነገ ሠላሳ ቀን ይሞላል። ኢሀብ ይህን ከየት እንደ ሰማ አላውቅም፤ ምናልባት እኔው ነግሬው ይሆናል። ጠዋት መጥቶ ከጠረጴዛዬ ጠርዝ ተቀመጠ። ዝናቡ የእኛ ጥፋት እንዳልሆነ፣ ማማውም የእኛ እንዳልሆነ፣ ግራጫ ግን በእኛ ስም እንደሚጻፍ ነገረኝ። የኮንትራቶች እድሳት በመስከረም እንደሚታይም እግረ መንገዱን ጠቀሰ። የእኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በኮንትራቴ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ያውቃል፤ አላነሳውም፣ እኔም አላነሳሁትም።

የዝምታውን ገደብ ከሠላሳ ወደ ዘጠና ቀን ከፍ አደረግሁት። ሥልጣኑ አለኝ። ምክንያት በሚለው ሣጥን ውስጥ «የኸሪፍ ወቅት የመገናኛ መቋረጥ» ብዬ ሞላሁ፤ ኸሪፍ ክረምቱ ነው። ሐሰት የለበትም።

ነሐሴ 4

የመረጃ ሥርዓት ኃላፊዋ ዋፋ ከፖርት ሱዳን ደወለች። ጠንቃቃ ሴት ናት። ስድስቱ ረድፎች አረንጓዴ ቢሆኑም የመጨረሻ ግንኙነታቸው አሮጌ መሆኑን አይታዋለች። ለእያንዳንዳቸው ከመዝጋቢዋ በድምፅ ማረጋገጫ ተቀብዬ በስሜ እንድፈርም አዘዘች። ልክ ናት። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ይህንኑ እጠይቅ ነበር።

ለርግኣት የዋትሳፕ መልእክት ላክሁ። ኮረብታው ላይ ስትወጣ ይደርሳታል። የጻፍሁት ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህርት። እንዴት ናችሁ? ታብሌቶቹስ እንዴት ናቸው? በድምፅ ይመልሱልኝ።»

ነሐሴ 7

ርግኣት መለሰች። ታማም። ለስድስቱም «በድምፅ ተረጋግጧል» ብዬ ፈረምሁ። ኢሀብ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሪፖርቱ እስከ ቀትር መውጣት ነበረበት። ወጣ። ሰባቱ ቢጫዎችም ዛሬ ጨርሰዋል። ስልሳ አራት ከስልሳ አራት።

ነሐሴ 8

ገዳሪፍ ከጽሕፈት ቤቶቹ ሁሉ ቀድማ መጨረሷን ኢሀብ በስብሰባ ላይ ተናገረ። «ሉጥፊ» ብሎ ስሜን ጠራ፣ ተጨበጨበ። ጀማሉ ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ የእሱ መኪና ጭቃ ውስጥ ስትቆም መቆሟን ደብቃ እንደማታውቅ፣ እነዚህ ታብሌቶች ግን ወር ሙሉ ሳይታዩ ታማም መሆናቸው የሚያስቀና መሆኑን በአማርኛ አጉረመረመ። የገባን ሁለታችን ብቻ ነን። አልሳቅሁም።

ነሐሴ 19

ዝናብ። ሥራ ቀለል ብሏል። ያለ ምክንያት የስድስቱን ረድፍ ሦስት ጊዜ ከፍቼ አየሁ። አረንጓዴ ናቸው። ሌላ ምን እንዲሆኑ ጠብቄ እንደ ነበር አልገባኝም።

ነሐሴ 26

ቀነ ገደቡ አለፈ። የቀድሞው እትም ከዛሬ ጀምሮ አይልክም። ከተማ ውስጥ ችግር የለም።

ነሐሴ 29

ከኮረብታው በኩል ያለፈ የማሽላ ነጋዴ የርግኣትን ቃል አደረሰልኝ። መልእክቷን ሰምቼው እንደ ሆነ ትጠይቃለች፤ ስሞቹ ታብሌቶቹ ውስጥ እንደ ታሰሩ ናቸው፣ ምን ታድርግ?

ስለ የትኛው መልእክት እንደምታወራ አልገባኝም። መልእክቷን ሰምቼ ፈርሜበታለሁ። ነገሩን በቅደም ተከተል አሰብሁት። ታብሌቶቹ ዘምነዋል። የዘመነ ታብሌት ሸበካ ሲያገኝ ስሞቹን ይልካል። ስለዚህ የሚጎድለው ሸበካ ብቻ ነው። «መምህርት፣ ስድስቱንም ይዘው ኮረብታው ላይ ይውጡ፤ ሲገናኙ ሁሉም በራሱ ይሄዳል» ብዬ ጻፍሁላት።

በሐምሌ 6 በቀይ ያሰመርሁበትን አንቀጽ አስታውሼዋለሁ። የሚመለከተው ያልዘመኑትን ነው።

ጳጉሜን 2

ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ። ስድስቱ ረድፎች በየተራ ቀይ ሆኑ። ቀይ ሆነው ጥቂት ሰከንድ ቆዩ፤ ከዚያ «ተደምስሷል»። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ። ትእዛዙን የማቆሚያ አዝራር የለም።

ደወለች። ርግኣት ናት፣ ከኮረብታው። ጭቃው ስለበዛ ሦስት ቀን ጠብቃ፣ ዛሬ ታብሌቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ በጀርባዋ አዝላ ወጥታለች። ሲከፈቱ ደስ ብሏት ነበር።

«ባሽሙሃንዲስ፣ ባዶ ሆኑ እኮ» አለችኝ። «እንደ አዲስ ቋንቋ ምረጥ ይላሉ።»

ጳጉሜን 4

ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ቤተሰብ። ኢሀብ ሰነድ እንዳዘጋጅ ጠየቀኝ። የተረጋገጠበትን ቀንና ሰዓት ለመገልበጥ የነሐሴ 7ን የድምፅ መልእክት ከፈትሁ።

የመልእክቱ ርዝመት አርባ አንድ ሰከንድ ነው። ይህን ያኔ አላስተዋልሁም። ያኔ የሰማሁት አራቱን ሰከንድ ነበር። ዛሬ ሁሉንም ሰማሁት፤ እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

«ታማም ባሽሙሃንዲስ፣ ታማም። ጤና ይስጥልን፣ ቤተሰብ ደኅና ነው? እኛም ታማም ነን፣ ተመስገን። ስለ ታብሌቶቹ ግን እንዲህ ነው፤ ካርዱን አስገብቻለሁ፣ ስድስቱም ቢጫ ናቸው። ለመጨረስ ተዘግተው መነሣት አለባቸው፤ ባትሪው ከግማሽ ካላለፈ ደግሞ እሺ አይሉም። ፀሐይ ስለሌለ ከሠላሳ አልፎ አያውቅም። ውስጣቸው ያልተላከ ብዙ ስም አለ። ስሙን ለማስላክ መጀመሪያ ወደዚህ ላውጣቸው ወይስ ከከተማ ባትሪ ይልኩልኛል? የእርስዎን መልስ ሳልሰማ አልነካቸውም።»

ነሐሴ 7 ቀን ነው። ቀነ ገደቡ ሊደርስ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። ያን ዕለት ብታወጣቸው ኖሮ ስሞቹ በቀድሞው እትም ይሄዱ ነበር። መልሴን ጠበቀች።

እንዴት ናችሁ ብዬ ጠይቄአት ነበር። መጀመሪያ የመለሰችው ለዚያ ነው።

ጳጉሜን 5

እህቴ ሂያም ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። እዚሁ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ መሐል ላይ ዐረብኛ ይሆናል። ምሳ ላይ ነገሩን የሌላ ሰው አስመስዬ አጫወትኋት፤ አንድ መሥሪያ ቤት ታማም የሚለውን ቃል እንደ ማረጋገጫ ተቀብሎ ተሳሳተ አልኋት። ሳቀች። «ዳ ሰላም ሳኪት» አለች፤ ዝም ብሎ ሰላምታ ነው ማለቷ ነው። ፋርማሲው ውስጥ በቃሬዛ የመጣው በሽተኛ ሁሉ መጀመሪያ ታማም እንደሚል፣ ሕመሙን የሚናገረው ከዚያ በኋላ እንደ ሆነ ነገረችኝ።

ከዚያ ሳቋን አቆመች። «አንተ ራስህ አባታችንን ቀብረን ስንመለስ፣ በር ላይ ሰው እንዴት ነህ ሲልህ ምን አልኸው? ሉጥፊ አኹይ፣ ወንድሜ፣ ያ መሥሪያ ቤት የማን ነው?»

ሥራ እንዳለብኝ ነግሬአት ተነሣሁ።

መስከረም 5 ቀን 2018

ማጣሪያው ተካሄደ። ኢሀብ፣ በስልክ ዋፋ፣ እና እንደ ባለሙያ ምስክር እኔ። ርግኣት ከካምፑ በትራክተር ተጭና መጥታ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አልተጠራችም። ኢሀብ የተለበጠውን መምሪያ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። መዝጋቢዋ የቃሉ ትርጉም በሦስት ቋንቋ እንደ ተሰጣት፣ ቃሉን መናገሯም በፊርማ እንደ ተመዘገበ ገለጸ።

ዋፋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። መዝጋቢዋ ችግር መኖሩን አስታውቃ ነበር?

«በጽሑፍ የደረሰኝ ነገር የለም» አልሁ።

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። «በጽሑፍ» የሚለውን አስቀድሜ አላዘጋጀሁትም፤ ራሱ መጣ። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ያስተማረኝ ቃልን ከሚገባው በላይ እንዳይናገር አድርጎ መቁረጥ ነው። ዋፋ አመሰገነችኝ። የዝምታውን ገደብ ማን ከፍ እንዳደረገው የጠየቀ የለም።

ውሳኔ፦ መዝጋቢዋ በቸልተኝነት ከሥራ ትሰናበት። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ የለችም ነበር። የተቀመጠችበት ወንበር ሥር የደረቀ ጭቃ ነበር።

መስከረም 8

ኮንትራቴ ታደሰ።

መስከረም 12

አዳዲስ ታብሌቶች ይዘን ከጀማሉ ጋር ወደ ሩቁ ካምፕ ሄድን። ምዝገባው ከመጀመሪያ ተጀምሯል። ሰልፉ ፀሐይ ላይ ነው። ከሦስት መቶ አሥራ ስምንቱ እስካሁን ሁለት መቶ ሰባ አንዱ ተገኝተዋል። አርባ ሰባቱ ራሽኑ ሲዘገይባቸው ሥራ ፍለጋ ወጥተዋል፤ ገሚሱ ወደ ፋው፣ ገሚሱ ወደ ሀዋታ እርሻዎች። ሀዋታ መንገድ ላይ ከታጣቂዎች ምን እንደሚያጋጥም ለዚህ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም።

ርግኣት ሰልፉ አጠገብ ነበረች። መሰናበቷን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሷ ግን አሮጊቶቹን በየስማቸው እየጠራች ታሰልፋለች፣ ለአዲሱ መዝጋቢ የልጆቹን ዕድሜ በቃሏ ታርማለች። ደመወዝ የላትም። ሳታየኝ ላልፍ አስቤ ነበር። ጀማሉ ሆን ብሎ መኪናውን ፊት ለፊቷ አቆመው።

ቀርባ ጨበጠችኝ። ቂም አላየሁባትም፤ ቢኖርባት ይቀለኝ ነበር።

«እንዴት ነዎት ባሽሙሃንዲስ?»

«ታማም» አልሁ። ከአፌ የወጣው እሱ ነው።

እጄን አልለቀቀችም። ዐይን ዐይኔን እያየች ቆመች። ሰላምታው ያለቀ መስሎኝ ነበር። «ምን ፈልገው ነው መምህርት?» አልኋት።

«ቀጥሎ ያለውን እየጠበቅሁ ነው» አለች።

ምንም አልቀጠልሁም። አንዲት አሮጊት ስሟን ስትጠራት ሄደች። ገዳሪፍ ስንገባ ጀማሉ፣ በሐምሌ ካርዱን ያደረሰላት ቀን የራሷን ምሳ እንዳበላችው ነገረኝ።

መስከረም 15

ሦስት ረቂቅ ጻፍሁ። የመጀመሪያው አራት ገጽ ነበር፤ ስለ ማማው፣ ስለ ኸሪፉ፣ ስለ ትርጉም ችግር ያትታል። ቀደድሁት። ሁለተኛው ኢሀብን ይከስሳል። የተሠራው በእኔ እጅና በእኔ ፊርማ ስለሆነ እሱንም ቀደድሁት።

ሦስተኛው አምስት ዐረፍተ ነገር ነው። ገደቡን ከሠላሳ ወደ ዘጠና ያደረግሁት እኔ ነኝ። መዝጋቢዋ ችግሩን በነሐሴ 7 በድምፅ አስታውቃለች። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። ከጳጉሜን 1 በኋላ ያልዘመኑትን ታብሌቶች ይዛ ወደ ሸበካ እንድትወጣ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ወደ ሥራዋ እንድትመለስና የእኔ ጉዳይ እንዲታይ እጠይቃለሁ።

ከአርባ አንዱ ሰከንድ ድምፅ ጋር ለዋፋና ለኢሀብ በአንድነት በዋትሳፕ ላክሁት። ለሂያም ነገርኋት። ኢቃማህስ አላለችኝም፤ ሳህኔ ላይ ፉል ጨመረችልኝ።

መስከረም 17

መልስ የለም። መልእክቱ ለሁለቱም ደርሷል የሚል ምልክት አለው።

መስከረም 19

ሩቁ ካምፕ ዛሬ ሁለት መቶ ሰባ አራት ደረሰ። አርባ አራት ይቀራሉ።

ከቀትር በኋላ መልስ መጣ። መጀመሪያ ከኢሀብ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከዋፋ። ሁለቱም አንድ አንድ ቃል ነው የጻፉት፤ ቃሉም አንድ ነው።

ታማም።

ተቀበልን ማለታቸው ይሁን፣ ገባን ማለታቸው ይሁን፣ ተወው ማለታቸው ይሁን አላውቅም። እስከ ምሽት ድረስ ቀጥሎ የሚጻፍ ካለ ብዬ ስልኩን ፊቴ አኖርሁት። አልተጻፈም። ከድምፁ ጎን ያለችው ትንሽ የማይክሮፎን ሥዕል አንድ ሰው ድምፁን ከፍቶ ሲሰማ ሰማያዊ ትሆናለች። እስካሁን ግራጫ ናት።